ጭስ የሚያወጣ ጠላት ሁሉ አበቃለት ማለት ነውን?

ገና ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የሚበሩባቸውን የውጊያ ሲሙሌተሮች መጫወት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖኛል፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ለብዙዎቻችሁ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ትናንት በኦንላይን ሰርቨር ላይ ስፒትፋየር በተባለው የብሪታንያ ተዋጊ እየበረርኩ ሳለ አንድ የጀርመን ሜሰርሽሚት 109 ከበታቼ ሲያልፍ አየሁና ተከትዬው ወርጄ ከ200 ሜትር ገደማ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጌ ተኮስኩበት። ከቀኝ ክንፉ ሥር ነጭ ጭስ ተነሥቶ እንደሚፈተል ጥጥ እየተመዘዘ ይከተለው ጀመር። አብራሪውም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ደፍቶ ሸሸ፤ ሲሸሽ ደግሞ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ጥቁር ጭስ ሲወጣ ስላየሁ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ሌላ ጠላት አዞርኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል እንኳ ሳይቆይ ያው ነጭ ጭሱን የሚጎትት አውሮፕላን ከኋላዬ ብቅ ብሎ በመድፉ ክንፌን ከሥሩ ገነጠለው።

የበረራውን ቅጂ ደጋግሜ ተመለከትኩት። ነጩም ጥቁሩም ጭስ በእርግጥ ነበረ፤ የተሳሳትኩት ትርጉሙን ነው። ነጩ ጭስ ምን ነበር? ጥቁሩስ? አንድን ጠላት አበቃለት ብሎ ለመተው የሚበቃው ምልክት የትኛው ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የሞተር ሰው

ጥያቄዎ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ዓመት የበረሩ ሰዎችም በዚሁ ጉዳይ ሲሳሳቱ አያለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ጭስ ብለን ከምንጠራው ውስጥ አብዛኛው ጭስ አለመሆኑ ነው። አንድ አውሮፕላን ሲመታ ሦስት ዓይነት ፈሳሾች ሊፈስሱት ይችላሉ፤ እነርሱም ነዳጅ፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ዘይት ናቸው። ነዳጅ ከተበሳ ጋን ሲወጣ ነፋሱ ወደ ደቃቅ ነጠብጣብ ስለሚበትነው ቀጭን ነጭ ጉም ይመስላል። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ውኃና ግላይኮል የተቀላቀለበት ሆኖ በጣም እንደ ሞቀ ስለሚወጣ፣ ነጭ ቢሆንም ወፈር ያለና እንደ እንፋሎት የሚትጎለጎል ነው። ዘይት ግን ጠቆር ወይም ግራጫ ብሎ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ይጀምራል። በነበልባል የታጀበ ድፍን ጥቁር ጭስ ካዩ ደግሞ እሳት ነው፤ እርሱ ብዙ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ቀለሙን ብቻ ይዘው ከተነሡ መሳሳትዎ አይቀርም፣ ምክንያቱም ነዳጅም ማቀዝቀዣም ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ከቀለሙ ይልቅ ጭሱ የሚነሣበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ለዚህም የጠላትን አውሮፕላን የውስጥ አሠራር ማወቅ ግድ ይላል። ሜሰርሽሚት 109 ዋናው የነዳጅ ጋኑ ከአብራሪው መቀመጫ በታችና በስተኋላ፣ ማለትም በአካሉ ውስጥ ነው፤ በክንፎቹ ሥር ያሉት የማቀዝቀዣው ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ራዲያተሮች ናቸው። ስለዚህ እርስዎ ከቀኝ ክንፉ ሥር ሲመዘዝ ያዩት ነጭ ነገር ነዳጅ ሊሆን አይችልም፤ ራዲያተሩን መትተውታል። በፒ-51 ሙስታንግ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሙስታንግ ራዲያተር ከአብራሪው ኋላ በሆዱ ሥር ሲሆን ነዳጁ በክንፎቹ ውስጥ ነው። የሩሲያው ያክ-1ም እንደዚሁ ነው። በክንፍ ሥር የታየ አንድ ዓይነት ነጭ መስመር በአንዱ አውሮፕላን የማቀዝቀዣ፣ በሌላው የነዳጅ ምልክት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮችን ደግሞ ለይተው ይያዙ። ፎከ ቩልፍ 190 ኤ ባለ 14 ሲሊንደር ቢኤምደብልዩ 801፣ ፒ-47 ተንደርቦልት ደግሞ ባለ 18 ሲሊንደር አር-2800 ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። ሁለቱም ራዲያተር ስለሌላቸው ከእነርሱ ነጭ ጉም ከወጣ ማቀዝቀዣ የመሆን ዕድል የለውም። በእነዚህ ላይ አደገኛው ምልክት ከአፍንጫ የሚመጣው ጠቆር ያለ የዘይት ጭስ ነው። የ190ው ዘይት ማቀዝቀዣ በሞተሩ የፊት ክብ ላይ በብረት ጋሻ ተከብቦ የተቀመጠውም ስስ ብልቱ እርሱ ስለሆነ ነው።

ወደ እርስዎ ጠላት ልመለስና፣ ራዲያተሩ የተመታ ሞተር ወዲያው አይቆምም። ፈሳሹ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅና ብረቱ እስኪግል ድረስ፣ እንደ ቀዳዳው ስፋት ለጥቂት ደቂቃዎች በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። በአንዳንድ 109ዎች ላይ ደግሞ የተመታውን ራዲያተር ከመስመሩ የሚቆርጥ መዝጊያ ይገጠም ስለነበር፣ አብራሪው በቀረው ራዲያተር ረዘም ላለ ጊዜ መብረር ይችል ነበር። ጠላትዎ ጊዜው አጭር እንደሆነ ያወቀ ሰው ይመስላል፤ የቀሩትን ደቂቃዎች ደግሞ በእርስዎ ላይ አዋላቸው።

ከፍታ 5000

የሞተር ሰው ነጩን በሚገባ ስላብራሩት እኔ ስለ ጥቁሩ ልጨምር። ከሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ማለትም ከጭስ ማውጫዎቹ የወጣው ጥቁር ጭስ ከጉዳት ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። አብራሪ የሞተሩን ጉልበት በድንገት እስከ መጨረሻ ሲገፋ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው ነዳጅ ከአየሩ ይበልጥና በሙሉ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ያልተቃጠለው ካርቦን ጥቁር ሆኖ ይታያል። የእርስዎ ጠላት አፍንጫውን ደፍቶ በሙሉ ጉልበት ሲሸሽ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ የሞት ምልክት አድርገው የወሰዱት ነገር ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን የሚናገር ነበር።

ይህ ስሕተት በእውነተኛው ጦርነት ላይም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1940 በብሪታንያ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ፣ በሙሉ ጉልበት ቁልቁል የሚያመልጡ 109ዎች የሚተፉትን ጥቁር ጭስ ያዩ የብሪታንያ አብራሪዎች ተመትቶ እንደሚወድቅ አውሮፕላን ይቆጥሩት የነበረበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1940 የብሪታንያ ወገን 185 የጀርመን አውሮፕላኖች መጣላቸውን አስታውቆ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ መዛግብት ሲመረመሩ ግን የዕለቱ የጀርመን ኪሳራ 60 ገደማ ሆኖ ተገኘ። የልዩነቱ ትልቁ ምክንያት ብዙ አብራሪዎች አንዱኑ አውሮፕላን እየመቱ ለየራሳቸው መቁጠራቸው ቢሆንም፣ ጭስን አሳስቶ ማንበብም ድርሻ ነበረው። የብሪታንያ አየር ኃይል የአብራሪዎቹን ሪፖርት የወደመ፣ ሳይወድም የማይቀርና የተጎዳ እያለ በሦስት ይከፍል የነበረውም በዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ምክንያት ነው። እኔ በግሌ ይህን አከፋፈል በሲሙሌተርም እጠቀምበታለሁ፤ ለጓዶቼ በሬዲዮ ሳሳውቅ "ተጎድቷል" እና "ወድቋል" የሚሉትን ቃላት ፈጽሞ አላቀያይራቸውም።

እርስዎ የሚያበሩት ስፒትፋየር የቀድሞው ሞዴል ከሆነ ደግሞ የራስዎም ሞተር እንዲህ ያለ ጭስ ያወጣል። የስፒትፋየር የቀደሙት መርሊን ሞተሮች ካርቡሬተራቸው (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) በተንሳፋፊ ኳስ የሚሠራ ስለነበር፣ አፍንጫ በድንገት ሲደፋ ሞተሩ መጀመሪያ ነዳጅ ይቋረጥበታል፤ ቀጥሎ ደግሞ ነዳጅ ከልክ በላይ ይጥለቀለቅበትና ጥቁር ጭስ እየተፋ ይታፈናል። መሐንዲሷ ቢያትሪስ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ1941 የሠራችው፣ መካከሉ የተበሳ ትንሽ የብረት ክፍል ችግሩን በእጅጉ አቃለለው። የ109 ሞተር ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ስለነበር ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ቁልቁል መሸሽን የመረጠውም ስለዚህ ነው።

ጭራ ጠባቂ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በውጊያ መካከል ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ የለም። እኔ ጠላት ክንፉ እስኪገነጠል ወይም አብራሪው በፓራሹት እስኪዘል ድረስ መተኮሴን አላቋርጥም፤ እስካሁንም አልተጎዳሁበትም።

ከፍታ 5000

ጭራ ጠባቂ፣ አንተ ጀርባህን የሚጠብቅልህ ጓድ ይዘህ ስለምትበር ነው ያልተጎዳኸው፤ ብዙ ጊዜ ያ ጓድ እኔ እንደሆንኩም ታውቃለህ። ብቻውን ለሚበር ሰው ይህ ምክር ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ጥይት ነው። ስምንት መትረየስ ያለው የመጀመሪያው ስፒትፋየር ለእያንዳንዱ መትረየስ የሚይዘው 300 ጥይት በመሆኑ፣ ቃታውን ሳይለቁ ቢይዙት በ15 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። የ109 ኢ የክንፍ መድፎች ደግሞ በየመጋዘናቸው 60 ጥይት ብቻ ስለሚይዙ ሰባት ሰከንድ ያህል ነው የሚቆዩት። ሁለተኛው ችግር ዓይን ነው፤ እየወደቀ ያለን አውሮፕላን እስከ መሬት የሚከተል ሰው ወደ ኋላው አያይም።

ጭራ ጠባቂ

ይህን እቀበላለሁ። እንግዲያውስ ጥያቄውን በቀጥታ እንመልስላቸው፤ ከጭሱ ሌላ የሚታይ ምልክት የትኛው ነው?

የሞተር ሰው

እኔ የማምነው የአውሮፕላኑን አካሄድ ነው። ጭስ የሚናገረው ምን እንደፈሰሰ ነው፤ አብራሪው አሁንም መዋጋት መቻሉን የሚናገረው ግን እንቅስቃሴው ነው። ቀርበውት ሳለ፣ የተኩስ መስመር ውስጥ መግባቱን እያወቀ የማይታጠፍ ጠላት ወይ አብራሪው ተመትቷል ወይ መሪው ተቆርጧል። ፕሮፔለሩን ይመልከቱ፤ ጤነኛ ሞተር የሚያዞረው ፕሮፔለር ብዥ ያለ ክብ ሆኖ ሲታይ፣ የቆመ ሞተር ግን ምላጮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ያ አውሮፕላን ቀሪ ዕድሉ ሜዳ ፈልጎ መውረድ ብቻ ስለሆነ ያለ ሥጋት ሊተዉት ይችላሉ። ፍጥነቱንም ከእርስዎ ጋር ያነጻጽሩ፤ ነጭ ጭስ እየጎተተ እኩል የሚሮጥዎ ጠላት አሁንም ሙሉ ጠላት ነው።

ነጩ መስመር በራሱ ጊዜ ከቆመም አይደነቁ። የብዙዎቹ አገሮች ተዋጊ አውሮፕላኖች የነዳጅ ጋን በላስቲክ የተሸፈነ ነበር፤ ላስቲኩ ነዳጅ ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሲሙሌተሩ ይህን አሠራር የሚያሰላ ከሆነ የነዳጁ ጉም እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፤ ጠላትዎም ትንሽ ነዳጅ ከማጣቱ በቀር የጎደለበት ነገር የለም። የጃፓኑ ኤ6ኤም2 ዜሮ ግን ይህ መከላከያ ስላልነበረው፣ ከእርሱ ነጭ ጉም ሲነሣ ካዩ ቀጣዩ አጭር ተኩስ ወደ እሳት ሊለውጠው ይችላል።

ጄት ወዳድ

ውይይቱ በፒስተን ሞተሮች ላይ ስላተኮረ ስለ ጄቶች ጥቂት ልበል፤ እኔ ዘመናዊ ጄቶች ባሉት ዲሲኤስ ወርልድ በተባለው ሲሙሌተር ላይ ነው የምበርረው። በጄት ዓለም ጭስ ከጉዳት ይልቅ የማንነት ምልክት ሆኖ ይበልጥ ይጠቅማል። የኤፍ-4 ፋንተም ጄ79 ሞተሮች ሳይጎዱም ረጅም ጥቁር መስመር ያስከትላሉ፤ ለተጨማሪ ጉልበት ከሞተሩ ኋላ ነዳጅ የሚያነድደው ማቃጠያቸው ሲበራ ግን መስመሩ ይጠፋል። የሚግ-29 አርዲ-33 ሞተሮችም በጭሳቸው የታወቁ ናቸው። ጀማሪዎች ይህን አይተው "ተመትቷል" ብለው በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ነጩም እንደዚሁ ያሳስታል። ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስበት ከፍታ ከሞተር የሚወጣው እንፋሎት በረዶ ሆኖ ረጅም ነጭ መስመር ይሠራል፤ በዚያ ከፍታ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት መስመር ከጎተቱ ምክንያቱ አየሩ ነው። በኃይል በሚታጠፍ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ነጭ ደመና ከእርጥበት የሚመጣ ነው። ኤፍ/ኤ-18 ሆርኔትን የመሳሰሉ ጄቶች ነዳጅ በፈቃዳቸው የሚያፈስሱበት ማብሪያ ስላላቸው፣ ከኋላ የሚታየው ጉም ቀዳዳ ላይሆንም ይችላል። ለሚሳይልም ጭስን አትጠብቁ፤ ኤአይኤም-9ኤም የተባለው የአየር ለአየር ሚሳይል ጭሱ እንዲቀንስ ሆኖ የተሠራ ሞተር ያለው ከመሆኑም በላይ፣ የአብዛኞቹ የአየር ለአየር ሚሳይሎች ሞተር በሰከንዶች ውስጥ ነድዶ ስለሚያልቅ ቀሪውን መንገድ ያለ ጭስ ነው የሚበርሩት።

ገና ተማሪ

ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ያለ ኢንተርኔት፣ ብቻዬን በሚደረገው የልምምድ በረራ ላይ የተባለውን ልሞክር ብዬ መሬት ላይ የቆመ 109ን ሳይሆን በአየር ላይ ያለውን እያሳደድኩ በክንፉ ሥር ብቻ ለመተኮስ ተጣጣርኩ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱ ተሳካልኝ። ሁለቱም ከተመቱ በኋላ እንደ ጤነኛ ይታጠፉ ነበር፤ ነጩ ጭስ መጀመሪያ ወፍሮ፣ ቀጥሎ ሳስቶ ጠፋ። የመጀመሪያው ጭሱ ሲጠፋ ዳነ ብዬ አስቤ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ፕሮፔለሩ እየተንገራገጨ ቆመ። ጭሱ የጠፋው ቀዳዳው ተደፍኖ ሳይሆን የሚፈስሰው ስላለቀ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ራሴ አውሮፕላን ነው። በኮክፒት ውስጥ ሆኜ የራሴን ጭስ ማየት ስለማልችል፣ የተመታሁትን እንዴት ልወቅ?

የሞተር ሰው

ያደረጉት ሙከራ እኔ በቃል ካልኩት ሁሉ የበለጠ ነው። እያንዳንዱ ሲሙሌተር ጉዳትን የሚያሰላበት መንገድ የየራሱ ስለሆነ፣ በአንዱ የተማሩትን በሌላው ከመተማመንዎ በፊት እንዲሁ ይሞክሩት።

ስለ ራስዎ አውሮፕላን ሲሆን፣ ዓይንዎ በመጀመሪያ ወደ ዘይት ግፊት ጌጅ ይሂድ። መርፌው ቀስ በቀስ መውረድ ከጀመረ ዘይት እየፈሰሰ ነው፤ የዘይቱ ሙቀት አብሮ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ የፊት መስታወቱም በጠቆረ ነጠብጣብ ይበከላል። የማቀዝቀዣው ሙቀት ጌጅ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። መርፌው ወደ ቀይ ሲወጣ ያዩና ይደነግጣሉ፤ ከዚያ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ደስ ይልዎታል። የወረደው ሞተሩ ቀዝቅዞ ላይሆን ይችላል፤ ሙቀት የሚለካው ጫፍ የሚነካው ፈሳሽ አጥቶ በባዶ አየር ውስጥ ስለቀረ ሊሆን ይችላል። የዘይቱ ሙቀት እየወጣ የማቀዝቀዣው ብቻ ከወረደ ማመን ያለብዎ ዘይቱን ነው።

ራዲያተርዎ መመታቱን ካወቁ ጉልበት ይቀንሱ፣ የራዲያተሩን የአየር መዝጊያ በሙሉ ይክፈቱ፣ ፍጥነት ካለዎት ደግሞ ሞተሩ ሳይቆም ወደ ከፍታ ይለውጡት፤ ሞተሩ ሲቆም የሚያደርስዎ ያ ከፍታ ነው። እሳት ከሆነ ግን የነዳጅ መዝጊያውን ይዝጉ፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ እንዲያልቅ ያድርጉ፣ ማቀጣጠያውን ያጥፉ፣ አውሮፕላኑንም ወደ ጎን እያንሸራተቱ ነበልባሉን ከኮክፒቱ ያርቁ። ካልጠፋ መዝለል ነው፤ እዚህ ላይ የሚያመነታ ሰው ይቃጠላል።

ጭራ ጠባቂ

አንድ ነገር ልጨምር። ክንፍዎ ወይም ጭራዎ ተመትቶ ወደ ሜዳ ከተመለሱ በቀጥታ ለማረፍ አይሞክሩ። 1000 ሜትር ገደማ ላይ ሆነው ጎማውን ያውርዱ፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንሱና አውሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን መጋደል የሚጀምርበትን ፍጥነት ይያዙት። የተበሳ ክንፍ ከጤነኛው ቀድሞ ይከዳል። በጌጁ ላይ ያነበቡት ቁጥር ለምሳሌ 180 ከሆነ፣ መሬት እስኪነኩ ድረስ ከ200 በታች አይውረዱ። ፍላፑንም (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) በዚያው ከፍታ ላይ ይሞክሩት፤ አንዱ ወገን ብቻ ከወረደና አውሮፕላኑ መገልበጥ ከጀመረ ወዲያው መልሰው ይሰብስቡትና ያለ ፍላፕ ይረፉ።

ገና ተማሪ

ዛሬ ማታ እዚያው ሰርቨር ላይ እገባለሁ። 109 ካገኘሁና ነጭ ጭስ ካየሁበት ራዲያተሩ ተመትቷል እላለሁ፤ ፕሮፔለሩ ቆሞ ምላጮቹን እስክቆጥር ድረስ ግን ወድቋል ብዬ ሪፖርት አላደርግም።

ከፍታ 5000

እኔና ጭራ ጠባቂም ዛሬ ማታ ስለምንገባ በሬዲዮ ይጥሩን። ነጭ ጭስ የሚጎትተውን አንዳችን በዓይን እንከታተልልዎታለን።